ድንኳኑ ሲነሳ ብሩ የት ገባ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፣ ከባሕር ዳር

እንዴት ሰነበታቹ ጠያቂዎቼ። ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ወጪውን ለሕዝብ ለማይናገር የእርዳታ ኮንሰርት ትኬት አልገዛም» ብዬ አንድ መስመር ጣል አርጌ ነበር፣ ይሄን ሁሉ ደብዳቤ ያመጣችው ያቺ መስመር ናት፣ ግማሹ ተቆጥቶ ግማሹ መርቆ ነው የጻፈው፣ አንዱማ «አንተ ድሮም ከእጅህ አይወጣም» ብሎ ዘጋኝ፣ ይሁን። አዲስ አንባቢ ካለ እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። የግሽ ዓባይ ኪነት ዝና በደራበት ዘመን እዚሁ ባሕር ዳር ገመድ እየጠቀለልኩ ያደኩ፣ በኋላ ሞንታርቦና ሚክሰር ገዝቼ ሳከራይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የእርዳታ ዝግጅት ሚባለውን ከመድረኩ ጀርባ ነው ማውቀው፣ ሰው ወጥቶ ወንበር ሲደራረብ፣ አንድ ጥግ ላይ ደሞ ብር ሲቆጠር።

«ጋሼ ሰላም ነው? ሽምብጥ አካባቢ ምንኖር 6 ልጆች ነን፣ ባንድ ቢጤ አለችን፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ አንድ የተዋስናት ኪቦርድ። ጓደኛችን ኩላሊቱ ታሞ እጥበት ላይ ነው ያለው። ባለፈው ወር አዳራሽ ተከራይተን ዝግጅት አረግን፣ በትኬት 118 ሺህ ብር ገባ፣ ደስ ብሎን ልናለቅስ ነበር። ከዛ አዳራሽ 20 ሺህ፣ ሞንታርቦና መብራት 25 ሺህ፣ ጄኔሬተር ከነናፍጣው 9 ሺህ፣ ፖስተርና ባነር 8 ሺህ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣነው ዘፋኝ 25 ሺህ፣ ለጓደኛችን የደረሰው 31 ሺህ። አሁን ሰፈሩ «ልጆቹ በሉት» እያለ ነው፣ የልጁ እናት ሳትቀር ዐይኗን ታሸሽብናለች። ድጋሚ እናዘጋጅ ወይስ ይቅርብን? ደሞስ ዘፋኝ ለታመመ ሰው ዘፍኖ ብር ይቀበላል?» (ክራር መቺው)

ልጆቼ፣ ሒሳባቹን ደምሬ አየሁት፣ ልክ ነው፣ 87 ሺህ ወጣ 31 ቀረ፣ ሌብነት የለበትም። ጥፋታቹ ሌላ ቦታ ነው። መድረክ መሪያቹ ማይኩን ይዞ «118 ሺህ ብር ገብቷል፣ እልል በሉ!» ብሏል አይደል? ሳትነግሩኝ አውቀዋለሁ፣ ሁሌም ይላል። በቃ ሰዉ የያዘው ያንን ቁጥር ነው፣ 118 ሰምቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው በሳምንቱ 31 ሲሉት ምን ይበል? መድረክ ላይ ሚነገረው ወጪው ተቀንሶ የቀረው ነው፣ ካልታወቀ ዝም ማለት ይሻላል፣ እልልታው ለነገ ይደር።

ወጪውን በተመለከተ የድሮ ሰዎች አንድ ነገር ነበራቸው፣ ለቅሶ ቤት እድሩ ድንኳንና ወንበር ከነሰሃኑ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ለድንኳን አይከፍልም፣ ስለዚህ የሚመጣው እዝን ሁሉ ለቤተሰቡ ይቀራል። የእርዳታ ኮንሰርትም እንደዛ ነው መታሰብ ያለበት። ትኬት ከመታተሙ በፊት ለእያንዳንዱ ወጪ አንድ ባለቤት ፈልጉለት። አዳራሹን ሆቴሉ ሥራ በሌለው ሰዓት፣ እሁድ ከሰዓት በ8 ሰዓት እንዲሰጣቹ ለምኑ፣ ሰውም አሁን አሁን ማምሸት ስለማይወድ በ11 ሰዓት ጨርሶ ቤቱ ቢገባ ነው ደስ ሚለው። ባነሩን አንድ ሱቅ ስሙን ጥግ ላይ ጽፋቹለት ያሳትመው። ሞንታርቦውን የኛ ሥራ ሰዎች ለእርዳታ ሲባል ብዙ ጊዜ በናፍጣና በጉልበት ዋጋ ብቻ እንሰጣለን፣ ግን መጠየቅ አለብን፣ እናንተ ስትደውሉ «ፕሮግራም አለን» ብላቹ ከሆነ የሠርግ ዋጋ ነው የተነገራቹ።

ዘፋኙስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም፣ ልናገረው። ከበሮ መቺና ኪቦርድ ተጫዋች ይከፈለው እላለሁ፣ ቢያንስ ትራንስፖርቱና ምሳው፣ ምክንያቱም ያ ልጅ እሁድ ከሰዓት ሌላ ቦታ ሠርቶ የቤት ኪራዩን የሚከፍልበት ቀን ነው፣ የሱን ድህነት ወስዳቹ ለሌላ ድሃ መስጠት እርዳታ አይባልም። ስሙ ፖስተሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዘፋኝ ግን ወይ በነጻ ይምጣ ወይ አይምጣ። በ25 ሺህ ያመጣቹት ሰውዬ ስንት ትኬት ነው ያሸጠላቹ? የሽምብጥ ሰው የመጣው እኮ ልጁን ስለሚያውቀው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ይሄን ማንም ያልነገራቹ ይመስለኛል። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው፣ ንቅለ ተከላ ካላገኘ በስተቀር ማቆሚያ የለውም። ኮንሰርት ደሞ አንድ ቀን ነው። ለቤት ክዳን፣ ለአንድ ጊዜ ቀዶ ጥገና፣ ለተቃጠለ ሱቅ ኮንሰርት ጥሩ ነው፣ ብሩ ይገባል ሥራው ያልቃል። በየሳምንቱ ለሚፈልግ ሕመም ግን የኮንሰርት ብር እንደ ሐምሌ ጎርፍ ነው፣ ሲመጣ ያስፈራል፣ በመስከረም ወንዙ ጠጠር ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን አዘጋጁ፣ ግን ትኬት ሽጣቹ ለመለያየት ሳይሆን ሰው ለመመዝገብ። 100 ሰው በየወሩ 200 ብር ቢያወጣ በወር 20 ሺህ ነው፣ በሁለት ወር ካሁኑ ኮንሰርታቹ አለፈ። በሩ ላይ ደብተር ይዛ የምትቀመጥ አንዲት ጠንካራ ሴት ፈልጉ፣ ስም፣ ስልክ፣ መጠን፣ ፊርማ። «ቃል ገባሁ» ያለ ሁሉ እንደማይሰጥ ግን ከአሁኑ እወቁት፣ በማይክ ቃል የገባ ሰው ጠዋት ስልክ አያነሳም፣ ስለዚህ ቃል የተገባና የገባ ሁለት የተለያየ ገጽ ላይ ይጻፍ።

ለልጁ እናት ደሞ ወጪውን ወረቀት ላይ ጽፋቹ ከነደረሰኙ ቤቷ ሂዱና አሳይዋት። ስድስታቹም ሂዱ።

«ልጄ፣ የዘጌ ሰው ነኝ፣ ቡና ይዤ በጀልባ ስመላለስ የኖርኩ። የልጅ ልጄ በስልክ ፈረንጆች በ77 ለእኛ የዘፈኑትን አሳየኝ፣ ሜዳ ሙሉ ሰው ነው። ያኔ የ25 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ ከወሎ የተሰደደ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዘፈኑን ግን አልሰማሁም። እውነት ያ ሁሉ ገንዘብ ደርሷል? አንዳንዱ መሣሪያ ተገዛበት ይላል።» (የዘጌው አንባቢ)

አባቴ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ የእርስዎን ጥያቄ እኔም ሃያ ዓመት ስጠይቀው ኖሬያለሁ። ከመነሻው ልጀምርልዎ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የእንግሊዙ ቢቢሲ ማይክል በርክ የሚባለው ጋዜጠኛ ከኮረም የላከውን ዘገባ አሳየ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። (ይሄ ሰውዬ የሚገርም ዕጣ ነው የነበረው፣ በ1983 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፣ በ1989 ደሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ውስጥ ነበር፣ እዛው አለፈ።) ያንን ዘገባ ቦብ ጌልዶፍ የተባለ የአየርላንድ ዘፋኝ ቤቱ ተቀምጦ አየው፣ ሚጅ ዩር ከሚባል ሙዚቀኛ ጋር ዘፈን ጻፉ፣ ኅዳር 16 የእንግሊዝ ዘፋኞችን ሰብስበው በአንድ ቀን ቀረጹት፣ «ባንድ ኤይድ» ተባሉ። የዘፈኑ ርዕስ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» እንደማለት ነው። እንግዲህ 43 ቀን ጾሞ ገናን ሚፈታ ሕዝብ፣ ጣና ደሴት ላይ ስንት መቶ ዓመት ሲቀደስ የኖረበት ሀገር፣ ገናን ያውቅ ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ እርስዎ ቢስቁ አልፈርድብዎትም፣ እኔም እስቃለሁ። ሰዎቹ ክፉ አስበው አልነበረም፣ እኛን በፊልም ብቻ ስላዩን ነው።

አሜሪካኖቹ ደሞ ጥር 20 ሌሊት ሎስ አንጀለስ ላይ ተሰበሰቡ። ሐሳቡን ያነሳው ሃሪ ቤላፎንቴ ነው፣ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሚባለውን ዘፈን ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ ጻፉት፣ ኩዊንሲ ጆንስ መራው። ስቲቪ ወንደር በስዋሂሊ አንድ ስንኝ እናስገባ ብሎ ሲከራከር «ኢትዮጵያ ውስጥ እኮ ስዋሂሊ አይነገርም» ብለው አስጣሉት ይባላል፣ ጥሩ አረጉ። እሱ ራሱ ያስመጣቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶችም ሌሊቱን ስቱዲዮ ገብተው ሲያመሰግኑ ያ ሁሉ ከዋክብት ዕንባ በዕንባ ሆነ። ያ ዘፈን ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አመጣ። ከዛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ያ የልጅ ልጅዎ ያሳየዎት መጣ፣ «ላይቭ ኤይድ»፣ ለንደን ዌምብሌይ 72 ሺህ ሰው፣ ፊላደልፊያም ሌላ ስታዲየም ሙሉ፣ በሳተላይት ዓለም ሁሉ ያየው።

ደርሷል ወይ ላሉኝ፣ ደርሷል። ሁሉም በሰዓቱና በቦታው ደርሷል ወይ ካሉኝ ግን አልደረሰም። እህሉ በመርከብ ወደብ ድረስ ይመጣል፣ ከወደብ ወደ ተራበው ሰው መውሰጃ የለም። ሱዳን ላይ የካምዮን ባለቤቶች ተስማምተው ዋጋውን ስለሰቀሉት ባንድ ኤይድ የራሱን ካምዮኖች ገዝቶ ማሰማራት ነበረበት። ዘፈን ለማሳተም የተነሳ ሰው የጭነት መኪና ጎማ ሲቆጥር ማለት ነው፣ ለኔ ከኮንሰርቱ ይልቅ ይሄ ነው ሚያስከብረው። እዚህ ደሞ መንግሥት ሰውን ለሰፈራ እያጓጓዘ ነበር፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት የፈረንሳዩ ክፍል «በእርዳታ ስም ሰው ያለፈቃዱ እየተወሰደ ነው» ብሎ ስለተናገረ በ1978 ከሀገር ተባረረ። የመሣሪያው ወሬ የመጣው በኋላ ነው፣ በ2002 ቢቢሲ በአማፅያን ይዞታ ሥር ስለገባው የእርዳታ ገንዘብ ዘገባ ሠራ፣ አድማጩ የባንድ ኤይድ ብር ነው ብሎ እንዲያስብ ሆነ፣ ጌልዶፍ ተቆጣ፣ በ2003 ጥቅምት ላይ ቢቢሲ ለዛ ማስረጃ እንዳልነበረው አምኖ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ስለዚህ «ጌልዶፍ መሣሪያ ገዛ» ሚል ካገኙ እንዲህ ይበሉልኝ።

አንድ ሌላ ነገር ለልጅ ልጅዎ ይንገሩት፣ እሱን በስልክ ብዙ አያሳዩትም። በ1980 ገደማ የኛ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብለው ዓለምን ዞሩ፣ ለምን መሰለዎት፣ በረሃቡ ጊዜ የረዱንን ሀገሮች ለማመስገን። ክራርና ማሲንቆ ይዞ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ሄዶ እግዜር ይስጥልን ማለት። እስክስታ መውረድ የምወደውን ያህል ያቺን ጉዞ ባስታወስኩ ቁጥር ትከሻዬ በራሱ ይነቃነቃል።

«አዝማሪ ነኝ፣ ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ነው ምሠራው። ለትምህርት ቤት፣ ለቤተክርስቲያን አጥር፣ ለተቸገረ ሰው ሁሉ ና ዝፈን ይሉኛል፣ እሄዳለሁ፣ ግንባሬ ላይ ሚለጠፈውን ሳይቀር ሳጥን ውስጥ ከት ይሉኛል፣ እከታለሁ። መጨረሻ ላይ ብሩ ምን እንደሠራ ሚነግረኝ የለም። ባለፈው ተናድጄ መድረክ ላይ ይሄን አልኩባቸው፦
መረቡስ ሞልቶ ነው ከሐይቁ የወጣው፣
ወደብ ላይ ሲደርስ ነው ዓሣችን የታጣው።
ከዛ ወዲህ አይጠሩኝም። አጠፋሁ?» (ባለ ማሲንቆው)

ወይ አንተ ሰው፣ ይሄንን ግጥም የዘጌው አባቴ ቢሰሙት ፖርት ሱዳን ላይ የቆመውን ስንዴ ነው ሚመስላቸው። አላጠፋህም። አዝማሪ እኮ ከጥንት ጀምሮ ኦዲተር ነው፣ ደረሰኝ ሳይቆርጥ።

ያንተ ነገር ግን የራሴን አስታወሰኝ፣ እስከዛሬ ጽፌው አላውቅም። ልጅ እያለሁ ለአንድ ሥራ ተብሎ (ምን እንደሆነ ልተወው፣ ሰዎቹ አሉ) ትልቅ ዝግጅት ነበር፣ እኔ ሞንታርቦ ጠባቂ ነኝ። ሽልማቱ በጆንያ ነው የተሰበሰበው፣ የስኳር ጆንያ፣ አፉ በሲባጎ ታስሮ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ «ነገ በጠዋት በደንብ እንቆጥረዋለን» ተባለና አንድ የተከበረ ሰው ቤት አደረ። ጠዋት ስናይ ሲባጎው ቀይ ነው። ማታ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ነጭ ነበር። 17 ዓመቴ ነው፣ አልተናገርኩም፣ ብናገርስ ማን ይሰማኛል። አሁን ነጭ ሲባጎ ባየሁ ቁጥር ነገሩ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ላንተ ምልህ፣ መሄድህን አትተው፣ ግን ከመሄድህ በፊት ተነጋገር። ግንባርህ ላይ የተለጠፈው ያንተ ነው ወይስ የሳጥኑ? ይሄ በር ላይ ሳይሆን በስልክ ይወሰን። ሳጥን ካሉ ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ እንኳ አንድ ሰው ጋ አያድርም፣ ብሩም እዛው መድረክ ጎን ጠረጴዛ ላይ፣ ከአዘጋጁ ውጪ ሁለት ሰው ባለበት፣ አንዱ አንተ ሆነህ፣ ተቆጥሮ ይፈረም። የጨረታውንም ነገር ተከታተል፣ አንድ ሰፌድ ወይ አንድ ጋቢ አምስቴ እየተሸጠ እየተመለሰ ሲጫረት ደስ ይላል፣ የምታሞቀውም አንተ ነህ፣ ግን «እኔ 10 ሺህ!» ያለው ሰው ስሙ ካልተጻፈ ያ ጋቢ የተሸጠው ለንፋስ ነው።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር የቢቲኤስ (የኮሪያ ባንድ ነው፣ አድናቂው «አርሚ» ይባላል) አድናቂዎች ቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ 240 እንሆናለን፣ ብዙዎቻችን ሴቶች ነን። ለአቅመ ደካማ ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ ሞዴስ መግዣ ብር ልንሰበስብ አሰብን። ወንዶቹ «የኮሪያ ዘፈን አድናቂ ምን ሊረባ» ብለው ሳቁብን። ያለ ዘፋኙ አድናቂ ብቻውን ብር ማሰባሰብ ይችላል? ቲክቶክ ላይቭ እንግባ?» (የጣና ዳሯ አርሚ)

ልጄ፣ ለሳቁት ወንዶች ይሄን አንብቢላቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከሞተ በኋላ ቢቲኤስና ኩባንያቸው ለጥቁሮች የፍትሕ ንቅናቄ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። አድናቂዎቻቸው «እኛስ?» ብለው ተነሱና በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ እነሱም 1 ሚሊዮን ዶላር ሞሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ዘፋኞቹ ስጡ አላሉም። ይሄን ያስተባበሩት አድናቂዎች ሥራቸው ደስ ሚለኝ ብሩን በእጃቸው አለመያዛቸው ነው፣ ሊንኩ ሰጪውን በቀጥታ ወደ ረጂ ድርጅቶቹ ነው ሚወስደው፣ እነሱ ሚያረጉት መቀስቀስና መቁጠር ብቻ ነው። ሌብነት እንዳይኖር ምርጡ መንገድ ሚሰረቅ ነገር እጅ ላይ አለመኖሩ ነው።

እናንተም እንደዛ አርጉ። 240 ሰው 50 ብር ቢያወጣ 12 ሺህ ነው፣ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሞዴስ በችርቻሮ ሱቅ ሳይሆን በካርቶን ከጅምላ ሻጭ ስትገዙት ያራምዳል። ብሩ ወደ አንዲት ልጅ ቴሌብር እንዳይገባ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተማሪ ክበብ ወይ የሴቶች ጉዳይ ካለ በነሱ በኩል ይሁን፣ ካልሆነም ብሩን ሳትሰበስቡ ዕቃውን ሰብስቡ፣ እያንዳንዷ ሁለት እሽግ ይዛ ትምጣ፣ አለቀ። ስታከፋፍሉ ደሞ ሰልፍ አታሰልፉ፣ ፎቶ አታንሱ፣ መታጠቢያ ቤት አካባቢ ካርቶኑን አስቀምጡት፣ የፈለገች ትወስዳለች።

ቲክቶክ ላይቭ ላይ አልከለክልሽም፣ ግን ጊፍት ሚባለው ነገር ላይ አትተማመኚ፣ አንበሳና ጽጌረዳ እየበረረ ሲመጣ ብዙ ይመስላል፣ ከዛ ላይ ቲክቶክ ራሱ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ላይቩን ለመቀስቀሻ ተጠቀሙበት፣ መስጫው ሌላ ይሁን። በ2017 የካቲት ሰይፉ ፋንታሁን ለመቄዶንያ ሕንፃ በዩቱብ ላይቭ ሲያሰባስብ አይታቹ የለ፣ ሰው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያየው ምን እንደገባ እዛው በዛው ስለሚነገረው ነው። እንደውም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሚስቴ ስልኩን ነጥቃኝ ነው የተኛሁት፣ ከዛ ጠዋት ስነሳ ራሷ ልካ አገኘኋት።

«መምህር ነኝ። ተፈናቅለው ከኛ ትምህርት ቤት ለገቡ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ለማሟላት የሰፈሩ ዘፋኞች አንድ ዘፈን ሊሠሩልን ነው። ብሩ በኔ አካውንት ይግባ ተባለ። ፈራሁ።» (ፈሪው መምህር)

ፍርሃትህ ጤነኛ ነው። አታስገባ። በአዋጅ 1113/2011 «የበጎ አድራጎት ኮሚቴ» ሚባል ነገር አለ፣ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ የተነሱ አምስትና ከዛ በላይ ሰዎች ማለት ነው፣ ዕውቅና አግኝቶ በኮሚቴው ስም አካውንት ከፍቶ በጣምራ ፊርማ ማንቀሳቀስ ነው ሚሻለው። ደብዳቤ መጻጻፉ ይሰለቻል፣ አውቃለሁ፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ጆርጅ ሃሪሰንና ህንዳዊው ሙዚቀኛ ራቪ ሻንካር ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኒውዮርክ ላይ ኮንሰርት ሲያዘጋጁ ቸኩለው ይሄንኑ ወረቀት ሳይጨርሱ ገቡበት። ከትኬት የተገኘው 243 ሺህ 418 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለዩኒሴፍ ወዲያው ገባ። ትልቁ ብር ግን ከአልበሙ ነበር የሚመጣው፣ አስቀድሞ የእርዳታ ሥራ ተብሎ ስላልተመዘገበ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ያዘው፣ ለዓመታት ተቀመጠ። ሰው በረሃብና በኮሌራ እያለቀ ብሩ ፋይል ውስጥ ማለት ነው።

ዘፈኑንም በተመለከተ አንድ ወረቀት ይፈረም፣ የማን ቻናል ላይ ነው ሚጫነው? ዩቱብ ሚከፍለው ለቻናሉ ባለቤት ነው፣ ዘፈኑ ስለ ተፈናቃይ ቢሆንም። ክሊፑ ላይ ደሞ የልጆቹን ፊት አታሳዩ። ብርሃን ወልዱ ሚባለውን ስም ታውቅ ይሆናል፣ በ77 ልትሞት ነው የተባለች ሕፃን ሆና ፊቷ በዓለም ቴሌቪዥን የዞረ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ለንደን «ላይቭ ኤይት» በተባለው ሌላ ኮንሰርት መድረክ ላይ ትልቅ ሴት ሆና የቆመች። እሷ ተርፋ ቆመች፣ ተመስገን። ያንተ ተማሪ ግን ነገ 10ኛ ክፍል ሲገባ «ያ በዘፈኑ ላይ ሚያለቅሰው ልጅ» ሊባል አይገባም። እጃቸውን ቅረጹ፣ ደብተር ሲይዝ፣ በቂ ነው።

«ሐምሌ ላይ ለእርዳታ ያዘጋጀነው የሜዳ ኮንሰርት በዝናብ ተቋረጠ፣ ሁለት ዘፋኝ ብቻ ነው የዘፈነው። ትኬት እንመልስ ወይስ ለእርዳታ ስለሆነ ይለፍ?» (የረጠቡት)

ማን ነው በሐምሌ ባሕር ዳር ላይ ሜዳ ላይ ኮንሰርት ያዘጋጀው? ሞንታርቦውስ ተርፏል? መልሱ። ጉርዱን ይዞ ለመጣ ሁሉ ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጥ፣ ብሩም ጠረጴዛው ላይ ይሁን። አብዛኛው «ተውት ለታመመው ይሁን» ብሎ ይሄዳል፣ ግን ያንን እሱ ይበለው፣ እናንተ አትበሉለት። አንዳንዱ ደሞ ይወስዳል፣ የባጃጅ አጥቶ በእግሩ የገባ ነው፣ በፈገግታ ስጡት።